ሰፊው የእግረኛ መንገድ ለማሲንቆም ቦታ ይኑረው

ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በአደባባይ የሚደርሳችሁ ማኅተም ስለሌለኝ ነው። የምመራው ባንድ ስም አለው፤ ማሲንቆ፣ ሁለት ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ድምፃውያንና ተወዛዋዦችም አሉት፤ ማኅተም ግን የለውም። ደግሞም የምጽፈው ስለ ባንዴ አይደለም። ባንዱ ከመፈጠሩ በፊት እኔ ስለቆምኩበት መንገድ ዳርና ዛሬ እዚያው ስለሚቆሙት ልጆች ነው።

የምጠይቀው አጭር ስለሆነ ከፊት ላስቀምጠው። በከተማዋ በተሠሩት አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች፣ አደባባዮችና መናፈሻዎች ውስጥ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና ወይም ሌላ የአገር መሣሪያ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚጫወት ሰው የሚቆምባቸው ቦታዎች ተለይተው ይታወቁ። ሰዓቱ ይወሰን። ተጫዋቹም ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያሳየው፣ በነፃ የሚሰጥ አንድ ወረቀት ይኑረው። ይኸው ነው። የቀረው ደብዳቤ ይህ ትንሽ ጥያቄ ለምን ትልቅ እንደሆነ ለማስረዳት የተጻፈ ስለሆነ፣ ጊዜ ያጠረው ኃላፊ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየምም።

በኮሪደር ልማቱ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ አልተነሣሁም። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስወርድ ደስ ይለኛል። እኔ በወጣትነቴ ስጫወት የእግረኛ መንገድ የሚባለው የተሰበረ የቦይ ክዳንና ጭቃ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ለመስማት ከቆሙ መንገዱ ይዘጋል፤ የተዘጋበት ሰው የሚሳደበው ደግሞ ሰሚዎቹን ሳይሆን እኔን ነው። አሁን ሰው ቆሞ ቢሰማ ሌላው ሳይገፋው ያልፋል። መቀመጫ አለ፤ ማታ መብራት አለ፤ በየማዕዘኑ ከነልጆቹ የሚንሸራሸር ሕዝብ አለ። ከተማዋ አስባበትም ይሁን ሳታስበው ለእኛ ሙያ የሚመች መድረክ ሠርታለች። መድረኩ ላይ የሚወጣው ሰው ግን እንደ ጥፋተኛ ነው የሚታየው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ማሲንቆ ሲጫወት ቆሜ ሰማሁ። አምባሰል ነበር የያዘው፤ ቅኝቱ አልተዛነፈም፤ ድምፁ ገና ቢሆንም ግጥሙን ከሚያልፈው ሰው ላይ ይለቅም ነበር። ከእግሩ ሥር በካርቶን ላይ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ አስቀምጧል፤ ዘንድሮ ሳንቲም የሚይዝ ሰው ስለሌለ ሽልማቱ በቴሌብር ነው። ጥቂት ሰዎች እንደተሰበሰቡ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጣና ፈቃድ ጠየቀው። ልጁ ፈቃዱ የት እንደሚወጣ መልሶ ጠየቀ። ጠያቂውም አያውቅም። ሁለቱ ተያዩ፤ ማሲንቆው ወደ ከረጢቱ ገባ። ዩኒፎርም የለበሰውን ሰው አልወቅስም። ተጫዋቹን ከሕገ ወጥ ሻጭ የሚለይለት አንድ መስመር የተጻፈ ነገር እጁ ላይ የለውም፤ የማያውቀውን ነገር ከማለፍ ይልቅ ማስነሣት ለሥራው የሚያዋጣ ነው። ጥያቄዬ የመጣውም ያንን መስመር ለመጻፍ ሥልጣን ወዳለው ነው።

ልጁ ያንን ዕለት አንዳንድ ግጥሞችን በእኔ ላይ ጥሎብኝ ስለነበር፣ እኔም ከሄደ በኋላ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦

መንገዱ ሰፋልን፣ ተነጠፈ ድንጋይ፣
ቆሞ ለሚጫወት ቦታ የለውም ወይ?

ክቡራን፣ መንገድ ዳር መጫወት ልመና ነው የሚል አስተያየት በቢሮዎች ውስጥ እንዳለ እገምታለሁ፤ በቤተሰብ ውስጥ እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ አማቶቼ ነግረውኛል። ስለዚህ መንገዱ የሚሠራውን ሥራ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ቲያትር ቤት የገባ ሰው ቲኬት ቆርጧል፤ ባይጥመውም ገንዘቡ እያሳዘነው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። መንገደኛ ግን ወደ ተጫዋቹ አልመጣም፤ ወደ ታክሲ እየሄደ ነው። በአምስት ስድስት እርምጃ ውስጥ ካልተያዘ አልፏል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከመዝፈኑ በፊት ማየት ይማራል፤ ጋቢው እንዴት እንደተጣለ፣ ሴትየዋ ሻሿን እንዴት እንዳሰረች፣ ሰውየው አብሮት ከሚሄደው ሰው ጋር ሲያወራ ንግግሩ የየት አገር ቃና እንዳለው። ወሎዬ ነው ብሎ ባቲ ሲጀምርለት ሰውየው ፈገግ ብሎ ከቆመ ሥራው ተጀመረ። ጥቁር የለበሰች ሴት ስትመጣ ደግሞ ጨዋታውን ቀዝቀዝ አድርጎ፣ በትዝታ ብቻ፣ ያለ ቃል ማሳለፍን ይማራል። ሳይዋሽ ማሞገስን፣ ሳይመታ መንካትን የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆና ክራር ያስተምራል፤ በጣም ጥሩ ተጫዋቾችም ወጥተውበታል፤ ነገር ግን የቆመ ሰው እንዳይሄድ ማድረግ በክፍል ውስጥ አይሰጥም፤ ሊሰጥም አይችልም።

የመሣሪያውን ጠባይም የሚያስተምረው መንገድ ነው። የማሲንቆ ፊት ቆዳ ነው። በክረምት እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ ድምፁም አብሮ ይደክማል። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይወጠርና ይሾላል፤ ጠዋት የተቃኘው ለቀትር አይሆንም። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ ይንሸራተታል፤ በጣም ከተቀባ ደግሞ ይንጫጫል። ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቆም ድምፁን ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ግን ለራሱ ብቻ ይጫወታል። ሚኒባስ ተራ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የረዳቱ ጩኸት አለ። አብዛኛው ጀማሪ ረዳቱን ለመብለጥ ይጮሃልና ጉሮሮው ሳምንት አይቆይም። ልምድ ያለው ሰው ግን «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲባል ማሲንቆውን ብቻ ያስጮኻል፤ ረዳቱ ትንፋሽ ሲስብ ግጥሙን ይጥላል። እኔ ዛሬ ከበሮና ክራር እየመቱ ድምፃዊ መቼ መግባት እንዳለበት የማውቀው ከዚያ ነው።

መንገድ ላይ መዝፈን በዚህ አገር አዲስ ልማድ አለመሆኑንም ማንሣት ይገባል። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እየቆሙ ሲያዜሙ የኖሩ ናቸው። ባልና ሚስት እየተቀባበሉ፣ የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት አጣርተው፣ ስሙን ከነልጆቹ በዜማ እየጠሩ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱታል፤ ሰጥቶ ሲመርቁት ይተኛል። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያንኳኩት ደጃፍ የላቸውም። ጥበቃው ከበር ይመልሳቸዋል፤ ቢያልፉም አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው ስሙ ሲጠራ አይሰማም። ይህን ማንም አልከለከለም፤ የቤቱ አሠራር ከለከለው። የከተማ ቅርጽ ሲለወጥ አብሮ የሚጠፋ ነገር እንዳለ እንዲታሰብ ብዬ ነው ያነሣሁት፤ መፍትሔ አምጡ ማለቴ አይደለም።

ከመንገድ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ጠጅ ቤት፣ ከዚያም አዝማሪ ቤት ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሰምቶ «ማታ እንትና ቤት ና» ይላል፤ እንዲህ ነው የሚገባው። የሠራሁባቸው ቤቶች ደመወዝ አይከፍሉም ነበር። ገቢው እንግዳው ግንባር ላይ የሚለጥፈው ብር ነው፤ እሱም ከድምፃዊቷና ከከበሮ መቺው ጋር ይካፈላል። ቢሆንም መንገድ ላይ የሌለ ነገር እዚያ አለ። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ራሱ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆ አድርጎ ይመልስለታል። የሚሰጠው ግጥም የፍቅር ሊመስል ይችላል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ግን ስለ ኑሮ ውድነት መሆኑን ያውቃል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰሚና ዘፋኝ አብረው ይደርሳሉ፤ መንገድ ላይ ሰውን ማየት ያልተማረ አዝማሪ ደግሞ የመጀመሪያው «ተቀበል» ላይ ነው የሚወድቀው።

የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ይህን ሕይወት ለረጅም ጊዜ አንቆት ነበር፤ ሌሊት የሌለው አዝማሪ ቤት ምን ሊሆን ይችላል? ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ አዝማሪ ቤቶች እንደገና ተስፋፉ፤ ካዛንቺስም ከስመ ጥሮቹ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ከነዚያ ቤቶች መካከል ፈንዲቃን የማያውቅ የሙያው ሰው የለም። የመላኩ በላይ ታሪክም የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የታየበት ነው። የመላኩ መሣሪያ ማሲንቆ ሳይሆን ትከሻው ነው፤ እስክስተኛ ነው። ራሱ በአደባባይ ደጋግሞ እንደተናገረው ጎዳና ላይ አድጓል፤ ፈንዲቃ ገብቶ ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊቱን እዚያው እየተኛ ዓመታት አሳለፈ። በኋላ ያንኑ ቤት ተረከበው፤ ኢትዮ ከለር የተባለውን የባህል ባንድ መሥርቶ አዝማሪዎችን፣ ክራርና ዋሽንት ተጫዋቾችን፣ ተወዛዋዦችን ይዞ በብዙ አገሮች መድረክ ላይ ወጣ። ቤቱም የሥዕል ማሳያ፣ የግጥም ምሽትና የጃዝ መድረክ እስከመሆን ደረሰ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ፈንዲቃም ከኖረበት ግቢ ተነሣ።

ስለ ፈንዲቃ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፤ ዝነኛ ስለሆነ ተገቢም ነው። እኔ የማስበው ስም ስላልነበራቸው ጎረቤቶቹ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ዱካ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት ይዘው የሚውሉ የሚያድሩ ቤቶች ነበሩ። በንግድ ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈው መጠጥ ቤት መሆናቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሲነሡ የተነሣው መጠጥ ቤት ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ግጥም በአንድ ሌሊት ተፈጥሮ እንደጠፋ የሚጽፍ ፎርም የለም። አዝማሪ ቤቶች አሁን በየአቅጣጫው ተበትነው ኪራይ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ኪራዩ ደግሞ ለግንባር ብር የሚሆን አይደለም። ውጤቱም መንገድ ላይ እየታየ ነው። ቤት የነበራቸው ተጫዋቾች ወደ መንገድ ተመልሰዋል፤ መንገድ ላይ የነበሩት ጀማሪዎች ደግሞ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም። የመንገዱ ፈቃድ ዛሬ ከትናንት ይልቅ አስቸኳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ባንድ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው መንገድ ላይ የቆመ ማሲንቆ ተጫዋች ባንድ መሪ ለመሆን የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል።

ብቻውን የሚጫወት አዝማሪ ንጉሥ ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ስላለው የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው፤ ዛሬ ድምፁ ከወረደ ጭራውን ላላ ያደርጋል፤ ማንንም አይጠይቅም። ግጥሙ ካልመጣለት ያንኑ ዜማ በማሲንቆ እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ሲመጣለት ይጥለዋል። ባንድ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ነፃነት ጣጣ ይሆናል። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፤ አይጠብቅም አይላላም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን በርካታ ዋሽንቶች በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ የቀረነው የምንቃኘው በሱ ልክ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች ስላሉት ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። እንግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ክር የሚያጠብቅ ባንድ ሙቀቱን ያጣል። ስለዚህ የፕሮግራሙን ተራ የምንሠራው በቅኝት ነው፤ ትዝታዎቹ በአንድነት፣ አምባሰሎቹ በአንድነት። የሠርግ እንግዳ ግን ይህን አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ሙሽራውን ያሳደገች አክስት ተነሥታ የምትፈልገውን ትጠራለች፤ አክስት ደግሞ አትጠብቅም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ክራር በሌላ ቅኝት ተቃኝቶ ከጀርባ የሚቀመጠው።

ከቅኝት ይልቅ የከበደኝ ግን ግጥሙ ነው። የእኔ ግጥም መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም፤ ከበሮ መቺው፣ ሁለቱ ክራሮች፣ ተወዛዋዦቹ ታዲያ እንዴት ይወቁ? የተስማማንበት ምልክት ደጋኑ ነው፤ ከፍ ካደረግሁት ግጥሙ ደርሷል፣ ቦታ ስጡኝ ማለት ነው፤ ዝቅ ካለ ችክችካውን ቀጥሉ። ድምፃዊቷ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ትጥልና ታስቃለች፤ ያኔ እኔ ነኝ የምከተላት። ሙሉ በሙሉ የተጠናና በየምሽቱ አንድ ዓይነት የሆነ ፕሮግራም የሚያቀርቡ የባህል ምግብ ቤቶች አሉ፤ ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ብዙ ባልደረቦቼ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ደመወዝ ነው። ነገር ግን «ተቀበል» የማይባልበት ቤት ውስጥ አዝማሪ ውሎ ሲያድር ይዶለድማል። ይህ የራሴ አስተያየት ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ በማሲንቆ ይምጣ።

ባንድ መምራት ከዚህ በተረፈ ሒሳብ ነው። ሥራ የሚኖረው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ፣ በሠርግ ወራት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሠርግም ጭፈራም የለም፤ ባንዱ ይበተናል። ያኔ ጊዜው የበገና ደርዳሪዎች ነው፤ አሥሩ አውታር በእርጋታ የሚሰማበት ወቅት። በአዲሶቹ መናፈሻዎች ውስጥ በጾም ምሽት በገና የሚደረደርበት አንድ ጥግ ቢኖር ምን ያህል ሰው እንደሚቀመጥ አስቡት፤ ድምፅ ማጉያ እንኳን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ማጉያ ያበላሸዋል።

ክቡራን፣ የአገር መሣሪያ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ባንድ ማድረግ የእኛ ትውልድ ፈጠራ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተውና በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይህንኑ አድርጓል። ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ፣ አብዛኞቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ተጫዋቾችን አንድ ላይ አስቀምጦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ እንዲስማሙ አደረገ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ እንዲያውም ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባልን አስተምሮት፣ ተማሪው ራሱ በባንዱ ውስጥ ማሲንቆ እስከመጫወት ደርሷል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ስለከፈተ የሆነ ነው።

ከተማዋ ራሷም እንዲህ ያለ በር ከፍታ ታውቃለች። በሽለላ ሳክስፎኑ ዓለም የሚያውቀው ጌታቸው መኩሪያ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነበር፤ በሙያው ሥራ የያዘው ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ነው። የጦር ሜዳውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያሻገረውን ሰው ደመወዝ ከፍሎ ያስገባው ማዘጋጃ ቤቱ ነው ማለት ነው። ዛሬ ደመወዝ ክፈሉን አላልኩም፤ መቆሚያ ነው የጠየቅሁት፤ ከቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ጋር ሲወዳደር ርካሽ ጥያቄ ነው።

አዝማሪን ማስነሣት የሚቀናው ለምን እንደሆነ ሳስብ ደግሞ ወደ ኋላ ርቄ እሄዳለሁ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶቹ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንን፣ ወሬ ነጋሪዎችንና አዝማሪዎችን እያደኑ እንዲገደሉ አዝዘዋል። መንገድ ላይ የሚዘፈን ግጥም ከጋዜጣ ፈጥኖ እንደሚደርስ ጠላት ተረድቶት ነበር። የዛሬውን ተቆጣጣሪ ከዚያ ጋር ላወዳድር አይደለም፤ ነውርም ነው። ይህ ሙያ ለዚህች ከተማ መንገዶች ባዳ አለመሆኑን፣ በነዚሁ መንገዶች ላይ ዋጋ የከፈለ መሆኑን ለማስታወስ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲጎበኝ የሚውለው ሕዝብ ከበሩ ሲወጣ ሽለላና ፉከራ ከአዝማሪ አፍ ቢሰማ፣ ሠራዊቱን አጅበው ስለሄዱት አዝማሪዎች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አፈጻጸሙን በተመለከተ አንዳንድ ነገሮችን ላንሣ። ቦታዎቹ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት የራቁ ይሁኑ፤ ይህን ማንም ጨዋ ተጫዋች አይከራከርም። በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቾች ፈቃድ ይዘው፣ ወለል ላይ በተሠመረላቸው ቦታ በየተራቸው ይቆማሉ፤ የሠመረው ቀለም ብዙ ወጪ እንደማያስወጣ እገምታለሁ። ማጉያ አይፈቀድ። ይህን ስል የገዛ ባልንጀሮቼ ይቀየሙኛል፤ ግን ማጉያ ከገባ ነገ የሚቆመው ማሲንቆ ተጫዋቹ ሳይሆን ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው ይሆናል፤ ደንቡም በሦስት ወር ውስጥ ይሻራል። ተጫዋቹ የሚቆይበት ሰዓት አጭር ይሁንና ተራ ይለዋወጥ፤ አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ማሲንቆ በዚያ ሱቅ ለሚውል ሰው ቅጣት ነው።

አለባበስ ላይ ግን እባካችሁ አትግቡ። ለፈቃድ ነጭ የሀገር ልብስ፣ ጥልፍ ያለው ሸማ፣ ለቪዲዮ የሚመች ነገር ይጠየቃል የሚል ስጋት አለኝ፤ በበዓላት ላይ ባህላችንን ስናሳይ የሚደርስብን ይህ ነው፤ ሙዚቃው ከመቅጃ ተለቅቆ እጃችን ባዶ ጭራ ሲጎትት ይውላል። ጃኬት የለበሰ ልጅ ጥሩ ማሲንቆ ይጫወታል።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። በአዝማሪ ጨዋታ ግማሹ ሥራ የሴቷ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግጥሙን የምትጥለው እሷ ናት፤ ማሲንቆው ይከተላታል። መንገድ ላይ ግን ብቻዋን የቆመች ዘፋኝ የሚደርስባት ጎንተላና ስድብ ሥራዋን እንድትተው ያደርጋታል፤ እኔ ከማውቃቸው ጎበዝ ድምፃውያን መንገድ ላይ የዘለቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። መብራት ያለበት ቦታና የሚታወቅ ወረቀት ከማንም በላይ የሚጠቅመው እነሱን ነው። ተቆጣጣሪው ያን ጊዜ የሚያስነሣት ሳይሆን የሚጠብቃት ሰው ይሆናል።

ፈቃዱ በነፃ ይሁን ያልኩትንም ላጽና። የፈቃድ ክፍያ ትንሽ ቢሆንም ወረፋ አለው፤ ወረፋ ካለ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል፤ ከገጠር ትናንት የገባ ልጅ የሚያውቀው ሰው የለውም። ከማሲንቆው በቀር ዋስ የለውም፤ ስለዚህ ቆሞ ሁለት ሦስት ዜማ ይጫወት፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይስማው፤ ይበቃል። ሰሚ ካስፈለገ እኔና ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንቀመጣለን። ሸላይ እንጂ ፈታኝ ሆኜ ባላውቅም እሞክራለሁ።

ለመጀመር ሙሉ ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በሦስት ቦታዎች ብቻ ለሙከራ ይፈቀድ፤ ቅሬታ ከመጣ ይመዝገብ፤ ካስቸገርን ይዘጋ። የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች የእኔ ባንድ አባላት በየተራ፣ ያለ ማጉያ ይቆማሉ፤ ዋሽንቱም፣ ክራሩም፣ ማሲንቆውም ይሰማል። የድምፅ መለኪያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ በአጠገባችን የሚያልፈውን አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ማሲንቆውን ለኩ፤ የበለጠው ይነሣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና የባህል ባንድ መሪ
አዲስ አበባ